መልስ፦ የእናቴን ኪኒን ለልጄ ልስጠው ወይ?

እህቴ፣ «ፕሮፕራኖሎል ኦቲዝም ያለባቸውን ያናግራል አሉኝ። እናቴ ለግፊት የምትወስደው አለ፤ ለ8 ዓመት ልጄ ልስጠው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳትሰጪው።

ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦቲዝም ላለባቸው 20 ሰዎች 40 ሚሊግራም አንዴ ብቻ ሰጥተው አወሯቸው። ጨዋታ መቀባበላቸው መድኃኒት የሌለው ኪኒን ከወሰዱበት ቀን ተሻለ። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መድኃኒቱ የጭንቀትን ኬሚካል፣ ኖርአድሬናሊንን፣ ያግዳል። አእምሮ ረገብ ሲል ቃል ፍለጋው ይቀላል ነው ሐሳቡ። ግን እነዚያ ሰዎች ድሮም የሚያወሩ ናቸው። አፍ ያልፈታ ልጅን ያናግራል ማለት አይደለም።

አደጋውን ልንገርሽ። አስም ካለበት ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። የልብ ምትን ያዘገያል። ሳይበላ የዋለ ልጅ ደግሞ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ የልብ መምታቱንና መንቀጥቀጡን ስለሚሸፍነው ቶሎ ላታውቂ ትችያለሽ። የእኛ ልጆች ምግብ እንደሚመርጡ አንቺም ታውቂያለሽ።

ወንድሜ ኦቲዝም አለበት። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሻጩ «ስንት ልስጥህ?» ሲለው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ የሸሚዙን ጫፍ ይጨብጣል፣ ቃሉ ግን አይመጣም። እኔ አልመልስለትም። ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ «ሁለት» ይላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ የሕፃናት ሐኪም አማክሪ፤ አስም ነክቶት የሚያውቅ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው።