አንድ መስመር ፊደል ለምትሠሩ ልጆች

«ጋሼ፣ ሌዘሩ ስም ሲቀርጽ ለምንድነው የፊደሉን ዳር ዳር ዞሮ መሐሉን ባዶ የሚተወው?» አለችኝ ሰሞኑን አንዲት ኮደር። መልሱ አጭር ነው። የለመድነው ትሩታይፕ ፎንት (ኮምፒውተር ላይ የምንጽፍበት የፊደል ፋይል) የፊደሉን ዳርቻ ብቻ ነው የሚያውቀው። መቅረጫ ግን አንዴ ሄዶ የሚያልፍበት መስመር ይፈልጋል።

ጥያቄዋ ፒያሳ ወሰደኝ። አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ የጋብቻ ቀለበት ላይ ስም የሚቀርጹ አባት ነበሩ። ቀለበቱን መቆንጠጫ ላይ ያስሩና በግራ እጃቸው ያዞሩታል። መቅረጫዋ ከቦታዋ እምብዛም አትነቃነቅም። «በ»ን ከግራ እግሩ ይጀምራሉ፣ ወደ ላይ፣ ዞረው ወደ ታች፣ ሳያነሱ። «ቡ» ከሆነ ነው መቅረጫዋ ተነስታ ቀኝ ጎኑ ላይ ጭረቷን የምትጨምረው። ከዚያ ፍቅፋቂዋን በብሩሽ ወደ ወረቀት ይጠርጋሉ፤ ወርቅ ነዋ! ሻዬን ይዤ አጠገባቸው ስንቴ ተቀመጥኩ። በስልኬ ላንሳቸው እያልኩ ሳላነሳቸው አረፉ። በኋላ ፊደሉን በኮድ ስጽፍ «ጨ»ን ከየት ይጀምሩ ነበር? የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ለላቲኑ ዕድለኞች ናችሁ። አለን ኸርሺ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1967 እንዲህ በመስመር ብቻ የሚሣሉ ፊደሎችን አሳትሟል። ግሪኩም፣ የሩሲያውም፣ ጃፓንኛም አለው። የኛ የለም። ዛሬ በሚዞረው የኸርሺ ፋይል መስመሩ የሚያልፍባቸው ነጥቦች ልኬት በላቲን ፊደል ተጽፏል፦ «አር» ዜሮ፣ «ኤስ» 1፣ «ኪው» ደግሞ −1። ክፍት ቦታና «አር» ተከታትለው ከመጡ ብዕሩ ይነሳል። በኤስቪጂ (ሥዕልን በመስመር የሚገልጽ የፋይል ዓይነት) በመጀመሪያው ነጥብና ብዕሩ በሚነሳበት ቦታ ላይ «ኤም» (ሳትሥል ሂድ) ትጽፋላችሁ፣ ሌላው «ኤል» (መስመር ሥራ) ነው። መሙያውን (fill) «none» ማለት አትርሱ፣ አለዚያ ፊደሉ በጥቁር ይደፈናል።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ችኮላ ትወዳላችሁ። ኖርማሉን ፎንት ለፕሮግራም ሰጥታችሁ መሐሉን ፈልግልኝ ትላላችሁ። መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሹካ የመሰለ ነገር ይዞላችሁ ይመጣል። በእጅ ሣሉት፣ እያንዳንዱን።

እኔም ብሆን ሁሉንም አልሣልኩም፣ እውነቱን ለመናገር። በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ የ«ሀ» እና የ«ለ» ቁጥሮች በ8 ይራራቃሉ፤ ግዕዙን ይዤ የካዕቡን ጭረት በኮድ ለጠፍኩ። «ሉ»፣ «ሙ»፣ «ሱ» ሰተት ብለው ወጡ። «ሩ» ላይ አልሠራም። ሳድስማ ጭራሽ፦ «ል»፣ «ም»፣ «ብ» ምናቸው ይመሳሰላል? እሱን ለብቻው ጀምሩት።