ሮው ማሽን ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ተቀመጥበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሐዋሳ ላይ መለስተኛ ጂም ልትከፍት ነው። ለጀርባ የሚሆን፣ ፕሌት (ክብ የክብደት ብረት) የሚጫንበት ሮው ማሽን፣ ማለትም እጀታውን ወደ ራስህ የምትስብበት ማሽን፣ የምትገዛው አንድ ብቻ ነው። ቲ-ባሩ (ሁለቱ እጅ አንዱን ክንድ አብረው የሚስቡበት) ይሻላል ወይስ ሁለቱ እጅ ለየብቻ የሚስብበት? ከውጭ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ላስበይድ? ነው ያልከው። አዲስ አበባ ጂም ማስተዳደር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን አራት ሮው ማሽን አይቻለሁ፤ ሁለቱን አሠርቼ፣ ሁለቱን ገዝቼ። ዘለግ አድርጌ ልመልስልህ።

ፕሌት የሚጫንበትን መምረጥህን ወድጄዋለሁ። ኬብል የለው፣ ፑሌጃ የለው። ብረት፣ ብሎንና ኩሽኔታ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ቢበላሽ ደግሞ ጎበዝ በያጅ ያስነሳዋል።

የመጀመሪያ ማሽኔን ያሠራሁት ብየዳ ቤት ነው። ቱቦላሬው ወፍራም፣ ቀለሙም የሚያምር ነበር። ልኬቱን የወሰድነው ግን በእኔ ቁመት ነው፤ እኔ ደግሞ 1.84 ሜትር ነኝ። የደረት መደገፊያው እዚያው ተበየደ፤ ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል። ጂሙ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አጠር ያለች ደንበኛችን ስትሠራበት ቆሜ አየኋት። እጀታው ጋ ለመድረስ ደረቷን ከመደገፊያው ታነሳለች። ከዚያ በወገቧ ወደኋላ እየተወረወረች ትስባለች። «ጀርባዬ ላይ ምንም አይሰማኝም፣ ወገቤን ነው የሚይዘኝ» አለችኝ። የደረት መደገፊያ የሚደረገው ወገብ እንዲያርፍ ነበር። በማግስቱ በያጁን ጠርቼ መደገፊያውን አስቆረጥኩት።

ስለዚህ ከብራንዱም ከቀለሙም በፊት ይሄን እይ። የደረት መደገፊያው በፒን ወደፊትና ወደኋላ ይሂድ። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ይበል። ከዚያ ተቀመጥበትና ደረትህን አስደግፈህ እጅህን ሙሉ በሙሉ ዘርጋ። ያኔ ክብደቱ ከማረፊያው ትንሽ ተነስቶ እጅህ ላይ መንጠልጠል አለበት። እጅህ ሳይዘረጋ የማሽኑ ክንድ (እጀታውና ፕሌቱ ያሉበት የሚንቀሳቀሰው ብረት) ማረፊያው ላይ ካረፈ፣ ጡንቻው ሳይለጠጥ ቀረ ማለት ነው። ስትስብ ደግሞ እጀታው ወደ ታችኛው ጎድንህ ይምጣ። ወደ አንገትህ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ወደ ትከሻና ማጅራት ይሄድብሃል። ለመፈተን ብቻህን አትሂድ። ከምታውቃቸው አንድ አጭርና አንድ ረጅም ሰው ይዘህ ሂድ። ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ ይሄ አይቻልም፤ ቢያንስ የመደገፊያውን ቀዳዳዎች ብዛትና ርቀት በፎቶ ጠይቅ።

ሻጭ «እስከ 200 ኪሎ ይጭናል» ይልሃል። እሱ ብዙም አይጠቅምህም። የሚጠቅምህ የክንዱን ልኬት ማወቅ ነው። ክንዱ ከሚዞርበት ነጥብ እስከ ፕሌቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ እጀታው 120 ቢሆን፣ 40 ኪሎ ስትጭን እጅህ ላይ የሚመጣው 30 ገደማ ነው። ይሄ በራሱ ችግር የለውም። ትልቁ ጉዳይ ባዶው ክንድ ነው። የሻንጣ መመዘኛ እጀታው ላይ አንጠልጥለህ ወደምትስብበት አቅጣጫ ሳበው። ሦስተኛው ማሽኔን እንዲህ ስመዝነው 19 ኪሎ አሳየኝ፤ ገና አንድ ፕሌት ሳይገባበት! ለዓመታት ለሠራ ሰው ምንም አይደለም። ትናንት ለተመዘገበ ሰው ግን 12 ጊዜ መድገም ይከብዳል፤ ከማሽኑ ይሸሻል። ጂም ደግሞ የሚኖረው በጀማሪ ነው። እኔ በአንድ እጅ ከ8 ኪሎ በላይ የሆነ ባዶ ክንድ አልገዛም።

አንድ ነገር ልጨምር። ክንዱ ከመሬት ጋር አግድም ሲሆን ነው ክብደቱ የሚበረታው። መሳቡን ስትጨርስ አግድም የሚሆን ከሆነ መጨረሻው ላይ ይከብዳል፤ ሰው እዚያ ጋ መንጠቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ከብዶ ወደ መጨረሻው ቀለል የሚል ይሻላል።

እዚህ ካሠራኸው የክንዱ መዞሪያ ላይ አትቆጥብ። የመጀመሪያው ማሽኔ ኩሽኔታ አልነበረውም። ብሎኑ ባዶ ቱቦ ውስጥ ነበር የሚዞረው። በስድስት ወር ቀዳዳው የእንቁላል ቅርጽ ያዘ። ክንዱ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ይጮሃል፤ ግራሶ ብንቀባውም ዋጋ አልነበረውም። የኩሽኔታ ቤቱን ቶርኖ ቤት በልኩ አስወጣ። የምትመርጠው ኩሽኔታ የተለመደ ቁጥር ይሁን። ለምሳሌ 6205 ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩን ይዘህ ብትሄድ መለዋወጫ ቤት በቀላሉ ይገኛል። ተሠርቶ ሲያልቅ እጀታውን ይዘህ ወደ ጎን ወዝውዘው። ከተንቀጫቀጨ አትረከብ።

ፕሌቶችህንም ለካ። ቀዳዳቸው 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው የብረት ቱቦ ውጪው 48.3 ስለሆነ ጥሩ ይይዛቸዋል። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ ፕሌቱ በየመሳቡ ይንቀጫቀጫል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ ሁለቱ እጅ ለየብቻ የሚስብበትን ውሰድ። ይሄን አሠራር ያስለመደው ሃመር ስትሬንግዝ የተባለው የጂም ማሽን አምራች ነው፤ ናውቲለስ የሚባሉትን የጂም ማሽኖች የፈጠረው የአርተር ጆንስ ልጅ ጌሪ ጆንስ ያቋቋመው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ብርቱው እጅ የደካማውን አይሸፍንለትም። አንድ እጁን የተጎዳ ሰው በሌላኛው መሥራት ይችላል። ቲ-ባሩን እኔም እወደዋለሁ፤ ከባድ ለሚጭኑ ልጆች ወደር የለውም። ግን 20 ኪሎ ፕሌት ዲያሜትሩ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደረት መደገፊያው ሥር ከብረቱ ጋር ይጋጫል፤ መሳቡ ያጥራል። በ10 ኪሎ ፕሌቶች መሙላት ሊኖርብህ ነው። ሁለተኛ ማሽን የምትገዛበት ቀን ይምጣና ያኔ ግዛው።

ለቤት የሚጠይቁ ካሉ ደግሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ይሄን ማሽን አላስገባም። የ20 ኪሎ ባር አንዱን ጫፍ የግድግዳ ጥግ ላይ በፎጣ አስደግፎ በሌላኛው መሳብ ይቻላል። ወይም ዘንበል ባለ ቤንች ላይ በደረት ተኝቶ በዳምቤል መሥራት። ለአንድ ሰው በቂ ነው።

ቦታውን በተመለከተ የማሽኑን ስፋት ብቻ አትቁጠር። ፕሌት የሚጭን ሰው በግራና በቀኝ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ወለሉ ላይም በብሎን ይታሰር። አንድ ጎን ብቻ ሲጫን የሚነሳ ማሽን አይቻለሁ፤ አጠገቡ ቆሞ የነበረው ልጅ ለጥቂት ነው እግሩ የተረፈው።

የክፍልህን ስፋትና የፕሌቶችህን ቀዳዳ ለክተህ ጻፍልኝ፤ ማሽኑ የት ቢቆም እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።