የውሃ ጥያቄዎቻችሁ፦ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ለማን ይሆናል?

ክረምት ሲገባ የጎጃም ምንጭና ወንዝ ይደፈርሳል፤ የውሃ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። በዚህ ዙር ከደረሱን አብዛኞቹ የሚጠይቁት በውሃ ውስጥ ያለ ጀርም ስለሚገድለው ጋዝ፣ ስለ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ነው።

«ከተማ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ነው ይባላል። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ይበልጣል ሲሉ ሰማሁ። ስማቸው አንድ አይደለም እንዴ?» (ከደብረ ማርቆስ)

ስማቸው ቢቀራረብም ጠባያቸው ይለያያል። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፤ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ ልክ) ከ8 ሲያልፍም ጀርም የመግደል ጉልበቱ በጣም ይደክማል። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ግን ጋዝ እንደሆነ ሟሙቶ ስለሚቆይ የፒኤች መለዋወጥ ብዙም አይበግረው።

ሌላም አለ። የበሰበሰ ቅጠልና አልጌ ባለበት ውሃ ላይ ክሎሪን ሲጨመር ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጡ ለጤና ያሰጋሉ። ከሐይቅና ከግድብ ውሃ የሚቀዳ ከተማ ይህ ያሳስበዋል፤ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ደግሞ እነዚህን እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው የሚፈጥረው። ፌኖል የሚባል ኬሚካል ያለበት ውሃም ክሎሪን ሲነካው መድኃኒት መድኃኒት ይላል። አሜሪካ ውስጥ የናያግራ ፎልስ ከተማ በ1944 እ.ኤ.አ. ክሎሪን ዳይኦክሳይድ መጠቀም የጀመረችው ለዚሁ ለጣዕሙ ነበር። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ጃርዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስም ከክሎሪን ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል።

ዕዳው ግን ክሎራይት የሚባለው ቅሪቱ ነው። ሥራውን ከጨረሰው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ወደ ክሎራይት ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሎራይት ወሰን በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ስሌቱን ይሥሩት፤ በሊትር 1 ሚሊግራም ያህል ሲጨመር ወሰኑ ጋ ተደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚለካ ባለሙያ የሌለው ከተማ በክሎሪኑ ቢቆይ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

«ሆቴል አለኝ። የታንከሩ ውስጥና ቧንቧው ዝልግልግ ነገር ይይዛል። ገዝቼ ብጨምርበትስ?» (ከባሕር ዳር)

ያንን ዝልግልግ ለማጽዳት በእርግጥ ጎበዝ ነው፤ ሌላ አገር ሆስፒታሎችና ሆቴሎች የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው። ችግሩ እንደ ክሎሪን በሲሊንደር ተሞልቶ አይመጣም። አየር ውስጥ 10 በመቶ ከደረሰ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ሶዲየም ክሎራይት የሚባለውን ኬሚካል ከአሲድ ወይም ከክሎሪን ጋር በሚያዋህድ መሣሪያ እዚያው በሚፈለግበት ቦታ ይሠራል። ባለሙያ ካልቀጠሩ ታንከሩን አፍስሰው ይፈግፍጉት፣ በክሎሪን አክመው ያጥቡት። ርካሹም እሱ ነው።

«ጎረቤቴ በስልክ አይታ፣ የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ጠብታ የሚሉትን በሎሚ እየበጠበጡ ቢጠጡት ወባም ካንሰርም ይፈውሳል ትላለች። ለልጆቼ ልስጥ?» (ከቡሬ)

አይስጡ፣ እህቴ! እርስዎም አይቅመሱት። ያ ጠብታ ጠንካራ ሶዲየም ክሎራይት ነው፤ ሎሚው አሲድ ስለሆነ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ መጠኑም ለውሃ ማከሚያ ከሚጨመረው እጅግ ይበልጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. ሰዎች እንዳይጠጡት ያስጠነቀቀው ከባድ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ የደም ግፊት መውረድና የጉበት መድከም ስላመጣ ነው። ሻጮቹ «ትውከቱ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል» ማለታቸው ከሁሉ ይከፋል። ውሃ ውስጥ ጀርም የሚገድል ሁሉ ሆድ ውስጥ በሽታ ይፈውሳል ከተባለማ በረኪናም ሊጠጣ ነው! ወባ ከጠረጠሩ ጤና ጣቢያ ደም ያስመርምሩ። ጎረቤትዎ ጠጥታ ከሆነም እየተሻላት ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

«ወንድሜ ከውጭ የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ኪኒን ለውሃ ብሎ ላከልኝ። ይኼም ክፉ ነው?» (ከፍኖተ ሰላም)

ይኼስ ደህና ነው፤ ለተጓዥ ተመጥኖ የተሠራ ነው። የሚጨመረው ውሃው ላይ ነው፣ ኪኒኑ አይዋጥም። ማሸጊያው ላይ ላለው የሊትር መጠን ብቻ ይጠቀሙበት። ለባክቴሪያና ለቫይረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ክሎሪን የማይበግረው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ እንዲሞት ግን 4 ሰዓት ይታገሡ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ። ፀሐይ ስለሚያፈርሰው ዕቃውን ከድነው ጥላ ውስጥ ያኑሩት።

«ኪኒኑንም ማሽኑንም የማናገኝ እኛ ገጠሬዎቹ ድፍርሱን ውሃ ምን እናድርገው?» (ከሞጣ አካባቢ)

ጋሼ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ጭቃው ይውጣ። ጭቃ መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ ጀርሙንም ይሸሽጋል። ውሃው አድሮ ዝቃጩ ሲረጋ፣ ከላይ የጠራውን በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥልለው «ውሃ አጋር» የሚባለውን ፈሳሽ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። «ቢሻን ጋሪ» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ዱቄት ከተገኘ ጭቃውንም ያረጋል፣ ጀርሙንም ይገድላል። ማገዶ ካለ ደግሞ ማፍላት ነው። ደጋ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ፍል ፍል ካለ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። የታከመውን ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ ጀሪካን ያኑሩት፤ ሰው ሁሉ ጣሳ የሚያጠልቅበት ባልዲ መልሶ ያቆሽሸዋል።

«የጉድጓዳችን ውሃ ነጭ ልብስ ያዝጋል። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ያጠራዋል?» (ከዳንግላ)

ብረት ይሆናል። የሟሟውን ብረትና ማንጋኒዝ ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል፣ ግን በአሸዋ ካልተጣራ ዝገቱ እዚያው ይቀራል። ለብረት ብቻ ከሆነ ውሃውን ከከፍታ እያንጠባጠቡ አየር ማስመታትና በአሸዋ ማጣራት ብዙ ጊዜ ይበቃል።