ለባሕር ዳር ቤት ገዢ አንድ ደላላ ይበቃዋልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በባሕር ዳር ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ቤቶችን ቀስ በቀስ ለመግዛት አስቤአለሁ። ያነጋገርሁት ደላላ «ከእኔ ሌላ ሰው የሚያነጋግሩ ከሆነ አልሠራም» አለኝ፤ ወዳጆቼ ደግሞ ብዙ ደላሎችን እንዳሰማራ ይመክሩኛል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በአንድ ሰፈር አንድ ደላላ ቢይዙ ይሻላል እንላለን፤ ለከተማው በሙሉ ግን አንድ ሰው አይበቃም። በፔዳ፣ ማለትም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ዙሪያ ለተማሪና ለመምህር የሚከራየውን ቤት አሳምሮ የሚያውቅ ሰው፣ በግንቦት 2016 ከተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ማዶ፣ በዘንዘልማ በኩል ያለውን ዋጋ የሚነግርዎ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ደላላ ደውሎ ነው፤ ያኔም ኮሚሽን የሚጠብቀው ሰው ይበዛል።

በአንድ ሰፈር ብዙ ደላላ ሲሰማራ ያው ቤት በየሰው እጅ ዞሮ፣ ዋጋው ከፍ እያለ ይመጣል፤ ባለቤቱም ፈላጊ የበዛ መስሎት ዋጋውን ይሰቅላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ «ያገናኘሁት እኔ ነኝ» የሚሉ ሁለት ሰዎች በርዎን ያንኳኳሉ።

ስለዚህ ደላላው ብቻዬን ልያዘው ማለቱ አያስነቅፈውም፤ ደክሞ ያሳየው ቤት በሌላ ሰው በኩል ሲገዛ ማን ይወዳል? ነገር ግን ስምምነታችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰፈሩ፣ የጊዜው ገደብ፣ በልማድ 2 በመቶ የሚባለው ኮሚሽን መቼ እንደሚከፈል፣ እንዲሁም ከሻጩ በኩል ይቀበል እንደሆነ ይገለጽበት። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ቤቱ ሲወደድ አይጎዳም፣ አንዳንዱም የባለቤቱን ዋጋ ደብቆ በላዩ ላይ ይጨምራል። ዋጋውን ከባለቤቱ አፍ ይስሙ፤ ከባለቤቱ ጋር አላገናኝም የሚል ደላላ ቢያጋጥምዎ ይተውት።

የሰነድ ማጣራቱን ግን ለታማኙም ደላላ አይተዉለት። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው፤ ስለሆነም ካርታው ከከተማው የመሬት ፋይል ጋር መመሳከሩን፣ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነጻ መሆኑን፣ ቀሪ የሊዝ ክፍያ መኖር አለመኖሩን፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው መስማማቱን፣ ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም ክፍያው የማይለወጥ ጠበቃ ያጣራልዎ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ስለሚያዝዝ፣ «ለጊዜው የመንደር ውል ይበቃል» ቢባሉ እሺ አይበሉ።

ቀብዱንም ከማጣራቱ በፊት አይስጡ። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የተወ ገዢ ገንዘቡን ያጣል፣ ተቀብሎ የተወ ሻጭም እጥፉን ይመልሳል፤ «ሌላ ገዢ መጥቷል» እያለ የሚያጣድፍዎ ደላላም ይህን ከእርስዎ ይበልጥ ያውቀዋል።