«ገረመኝ» ወይስ «ተገረምኩ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። 16 ዓመቴ ነው። «ካርሚላ» የሚባለውን የቫምፓየር ታሪክ በእንግሊዝኛ አነበብኩና የተሰማኝን በአማርኛ ጻፍኩ። «በጣም ተገረምኩ፤ ስለ ሎራ ተጨነቅኩ፤ ካርሚላ ደም ስትጠማ ግን ቀፈፈኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። አስተማሪዬ «ተገረምኩ»ን ሰርዘው «ገረመኝ» አደረጉት። «ስትጠማ»ንም ወደ «ሲጠማት» ቀየሩት። ወንድሜ ደግሞ ሁለቱም አንድ ነው ይለኛል። እኔ «ሲጠማት» ስል የጠማው ወንድ ይመስለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ አስተማሪሽ እጃቸው ይባረክ። እኔም ብሆን እሰርዘው ነበር። ወንድምሽ ጨርሶ ተሳስቷል ማለት ግን አልችልም። ለምን እንደማልችል ቆይቼ እነግርሻለሁ፣ እያመመኝም ቢሆን።

መጀመሪያ ሰዋስዉን እንያዝ። አማርኛ ስሜትን የሚናገርበት ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው ሰውየው ራሱ ባለቤት ይሆናል፦ ፈራሁ፣ ደነገጥሁ፣ ጠላሁ እንላለን። በሁለተኛው ሰውየው ተሳቢ ነው፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ሰለቸኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገረመኝ። እዚህ ላይ ግሡ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ወንድ ሆኖ ይቆማል። ስሜቱ የደረሰበት ሰው ከኋላ በተሳቢ ቅጥያ ይንጠለጠላል። «በረደኝ» ስንል ማን ነው ያበረደን? ማንም። ስለዚህ «ሲጠማት» ውስጥ ያየሽው ወንድ፣ ወንድ አይደለም። የባለቤቱ ቦታ ባዶ እንዳይሆን የገባ ምልክት ነው። ካርሚላ ያለችው መጨረሻ ላይ፣ «ት» ውስጥ ነው።

«ደም ሲጠማት» ላይ ባለቤቱ ደም ነው የሚሉም አሉ። «እናቴ ናፈቀችኝ» ላይ ግሡ በሴት መልክ እንዲመጣ እናት እንደምታዝ፣ ደምም ግሡን ያዛል ማለታቸው ነው። እንግዲያውስ ደሙን አብዝተው ይሞክሩት። «የብዙ ሰዎች ደሞች ጠሟት» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ካገኙ ያምጡልኝ።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ ልምጣ። ከግሦችሽ መካከል «ቀፈፈኝ»ን ማንም አልነካብሽም። በ«ተ» ቢጽፉት የማይሆን ቃል ነዋ። «ተቀፈፍኩ» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የአስፈሪ ታሪክ ቃሎቻችን አብዛኞቹ በዚሁ ወገን ናቸው። ዘገነነኝ፣ ሰቀጠጠኝ፣ ነዘረኝ፣ ወረረኝ እንላለን። «ተዘገነንኩ» ወይም «ተሰቀጠጥኩ» ለማለት ሞክሪና ምላስሽ ምን እንደሚል ስሚው። ከከተማ ወጣት አፍ የማይጠፋው «ደበረኝ» እንኳን በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። «ተመቸኝ»ም «ተ» ይኑርበት እንጂ ሰውየውን ተሳቢ እንዳደረገ ነው። ወጣቱ አማርኛን አበላሸ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። በዚህ ነገር ከጋዜጣው ይልቅ የመንደሩ ልጅ ነው ሥርዓቱን የጠበቀው።

ለዚህ ጉዳይ እንደ ካርሚላ የሚመች መጽሐፍ የለም። የአየርላንዱ ደራሲ ሸሪዳን ለፋኑ ታሪኩን በ1871 እና በ1872 እ.ኤ.አ. በመጽሔት በተከታታይ አወጣው። ድራኩላ እስኪመጣ ድረስ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ነበር፤ እሱ የታተመው በ1897 ነው። ሎራ ታሪኩን የምትነግረን በራሷ አንደበት ነው። ገና ሕፃን ሳለች አንዲት ቆንጆ ሴት አልጋዋ አጠገብ መጥታ አባብላ ታስተኛታለች። ከዚያ ሁለት መርፌ ደረቷ ውስጥ የተሰካ ያህል ይሰማትና እየጮኸች ትነቃለች። ስታድግ ያቺው ሴት ካርሚላ ሆና እንግድነት ትመጣለች። ሎራ ስለ እሷ የሚሰማትን ስትናገር ደስታና ፍርሃት፣ ላይ ላዩንም መጸየፍ እንደተቀላቀለባት ትገልጻለች። አንዱንም አልመረጠችውም። ሁሉም መጣባት እንጂ።

ይህን ወደ አማርኛ መልሺው ብትባዪ ምን ትያለሽ? «ተደሰትኩ፣ ግን ተጸየፍኩ»? ይህ ሎራ ቁጭ ብላ፣ አስባ፣ ወስና የተሰማት ያስመስላል። «ደስ አለኝ፤ ደግሞም ቀፈፈኝ» ቢባል ግን ልጅቷ በሁለቱም በኩል ተሳቢ ሆና ትገኛለች። ታሪኩም የሚለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ስሜት ሁሉ በ«ኝ» ይነገር ማለቴ አይደለም። «ፈራሁ» ትክክል ነው። «ካርሚላ ፈራችኝ» ብትዪ ትርጉሙ ይገለበጥና ቫምፓየሯ አንቺን የፈራችሽ ትሆናለች። «ስለ ሎራ ተጨነቅኩ» ያልሽውንም አስተማሪሽ በትክክል ትተውታል። ለሰው መጨነቅ አንቺ የምትሠሪው ሥራ ነው፤ «ስለ» የገባውም ለዚያ ነው። «ጨነቀኝ» የሚባለው መላው ሲጠፋ ነው።

ወደ «ገረመኝ» ስመጣ ግን ትንሽ ታገሺኝ። በግእዝ «ገረመ» አስፈራ፣ አስደነገጠ ማለት ነው። ዛሬ ለፊልሙም ለጫማውም «ግሩም ነው» እንላለን። መነሻው ግን የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነበር። «ግርማ»ም ከዚያው ሥር ነው። ንጉሥ ግርማ አለው ሲባል ፊቱን ማየት ያስፈራል ለማለት ነው። የዳዊት መዝሙር 90 (በአማርኛው 91) «ኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት» ይላል። ከሌሊት ግርማ አትፈራም ማለቱ ነው። እንግዲህ ሌሊት እየመጣች ሰው ስለምትመጥ ሴት አንብበሽ «ገረመኝ» ብትዪ፣ ሳታውቂው የቃሉን ጥንታዊ ፍርሃት ቀሰቀስሽው። ሥሩ «ተገረምኩ» ውስጥም አለ ይሉኛል። አለ። ሰውየው ግን ከተሳቢነት ወጥቶ ባለቤት ሆኗል። ግርማው ያረፈበት መሆኑ ቀርቷል።

ከሥር ፍለጋ ሳልወጣ አንድ ልጨምር። «ነከሰ» በግእዝ «ነሰከ» ነው። ዕብራይስጡም «ናሻክ» ይላል፤ ቅደም ተከተሉ እንደ ግእዙ ነው። አማርኛ «ሰ»ን እና «ከ»ን አቀያየራቸው። ለጥያቄሽ ምንም አይጠቅምም። ስለ ቫምፓየር ጠይቀሽኝ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

አሁን የወንድምሽን ጠበቆች እንስማ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «ጠማ» የመጣው ከግእዙ «ጸምአ» ነው። «ጸ» ወደ «ጠ» መሄዱን ከ«ጸበበ» እና «ጠበበ»፣ ከ«ጸጉር» እና «ጠጉር» እናውቀዋለን። ግእዝ ደግሞ «ጸማእኩ» ነው የሚለው፣ ባለቤቱ ራሱ የጠማው ሰው ሆኖ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም «ተጠማሁ» ይላል፤ «ጽድቅን የሚራቡና የሚጠሙ» ይላል። ይባስ ብሎ ማቴዎስ 7 ላይ «ሕዝቡ በትምህርቱ ተገረሙ» የሚል አለ። ስለዚህ የ«ተ»ው መንገድ ጥንታዊም፣ የከበረም ነው ይላሉ።

መልሴ ይኸው። አማርኛ ግእዝ አይደለም። ከጎረቤቶቹ ጋር ሲኖር የራሱን ባሕርይ ይዟል። ኦሮምኛም ለረሃብ «ና ቤላኤ» ሲል ሰውየውን ተሳቢ ያደርገዋል። ግእዝ እንዲህ አይልም ተብሎ «ጠማኝ» ሊናቅ አይገባም። የመጽሐፍ ቅዱሱ ማስረጃ ግን ይከብደኛል። ትርጉም ነው፣ ተርጓሚ ከምንጩ ጋር መሄድ ግድ ይሆንበታል ብዬ ላልፈው እችላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የማልፈው ጆሮዬ ስለማይወደው ነው።

«ተጠማ» ላይ ግን እንኳን ሙግት፣ ጥቅምም አይበታለሁ። «ጽድቅን» የሚለውን ልብ በዪ፤ «ን» አለው። «ተጠማ» ተሳቢ ይቀበላል፣ «ጠማኝ» አይቀበልም። አንድን ነገር ዘመንሽን ሙሉ ስትፈልጊው «ተጠማሁ» ያምራል። ጉሮሮሽ ሲደርቅ «ጠማኝ» ነው። ካርሚላ ደግሞ ሁለቱም አለባት። ከመቃብሯ እየወጣች ትውልድ ስታሳድድ የኖረች ናትና «ደም የተጠማች» ብትያት አልከራከርም። አንቺ የጻፍሽው ግን ያችን ሌሊት፣ ያችን ሰዓት ነው። «ደም ሲጠማት» ይሁን። እኔን ከጠየቅሽኝ ለጠቅላላው ጸባይዋም «ደም የጠማት» ብዬ እጽፍ ነበር። ካርሚላም በጥሟ ፊት ተሳቢ ናት።

ስለ «ኩ» እና «ሁ» አልጠየቅሽኝም። እኔ «ተጨነቅሁ» ብዬ ነው የምጽፈው። «ኩ» ግእዝም ነው፣ የከተማ አፍም ነው፤ አሁን ደግሞ መጽሐፉም ዜናውም ይዞታል። በዚህ እጅ ሰጥቻለሁ።

«ቫምፓየር» ማለትሽንም ደግፌዋለሁ። «ደም መጣጭ» በይ የሚሉሽ ይኖራሉ። እሱ ቃል ሰውን ለሚበዘብዝ ሰው መስደቢያ ሆኖ ከሥራው ፋታ የለውም። ቫምፓየርን እንግሊዝኛም ቢሆን የራሱ አላደረገውም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከስላቮች አገር በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ በኩል ነው የደረሰው። ብዙ ቋንቋዎች እንዳለ ነው የተቀበሉት።

«ተገረምኩ» ግን ገና አልበረደልኝም። በየመግለጫው «በእጅጉ ተገርመናል» ሲባል እሰማለሁ። ጎበዝ ደራሲዎችም ይጽፉታል። የማይገባው ሰው የለም፤ ስህተት ነው ብዬ ልከስሰውም አልችልም። ወንድምሽ ከጻፈው ይጻፈው፣ አትሰርዢበት። አንቺ ግን ስለዚህ መጽሐፍ ስትጽፊ እንዲህ ብትዪ እመርጣለሁ፦ «በጣም ገረመኝ፤ ስለ ሎራ ተጨነቅሁ፤ ካርሚላ ደም ሲጠማት ቀፈፈኝ።» «ግን»ን አውጥቼዋለሁ። መገረምሽና መቀፈፍሽ የሚቃረኑ አድርገሽ ነበር፤ ለፋኑ ደግሞ አብረው እንዲመጡብሽ ነው የጻፈው።