«አልተፈቀደም» ተባልን፤ ፍርድ ቤት እንሂድ?

ጥያቄ፦ ሰልፍ እንደምናደርግ በደብዳቤ አሳወቅን። አንድ የፖሊስ ኃላፊ በቃል «አልተፈቀደም» አለን። ሰልፉ እሑድ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያቺ «አልተፈቀደም» የምትለዋ ቃል በጣም ታናድደኛለች። የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል እንጂ አስፈቅዱ አይልም። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ፣ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣል። ጭራሽ አይደረግም ማለት ግን አይችልም።

ክልከላውን በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገራችሁትን ሰው መዝግቡ። ማኅተም ያረፈበት የማሳወቂያ ደብዳቤያችሁ ኮፒ ከእጃችሁ አይጥፋ።

ትልቁ ጭንቀቴ ጊዜው ነው። በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለተከለከለ ሰልፍ ይግባኙ የተሳካው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 ዘግይቶ የሚመጣ መፍትሔ በቂ አይደለም ብሏል። እናም ለፍርድ ቤት በምታቀርቡት አቤቱታ ላይ «አስቸኳይ» ብላችሁ የሰልፉን ቀን ከላይ ጻፉ። ነገ ጠዋት የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ተገኙ።