«ማን ይቀጥርሻል?» ላሏት ተማሪ

የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነች እህት ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቀይ የደም ሴሎች ሲጣበቁ፣ ማለትም ደም ሲረጋ፣ በአልትራሳውንድ መለካት እንደሚቻል አነበብኩ። የመመረቂያ ሥራዬ ላደርገው ነው። ደሙን ከቄራ አገኛለሁ። ጓደኞቼ ግን በዚህ ማን ይቀጥርሻል ይሉኛል።»

እህቴ፣ ከቄራው ልጀምር። የበሬ ደም እንዳትወስጂ! የከብትና የበግ ቀይ ሴሎች እምብዛም አይጣበቁም። ለፍተሽ ለፍተሽ ምንም ሳታዪ ትቀሪያለሽ። የፈረስ ደም ግን በደንብ ይጣበቃል። የጋሪ ፈረስ በሞላበት አገር ይህ አያስጨንቅም፤ ፈቃድ አስጨርሺና የእንስሳት ሐኪሞችን አናግሪ።

ደግሞ መጣበቅ መርጋት አይደለም። ደም ቀስ ብሎ ሲሄድ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ይደራረባሉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር መልሰው ይበተናሉ። የረጋ ደም እንዲህ አይበተንም። ፋይብሪኖጅን የሚባለው ፕሮቲን ሲበዛ መደራረቡ ይብሳል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ኢኤስአር፣ ማለትም ቀይ ሴሎች በቱቦ ውስጥ የሚዘቅጡበት ፍጥነት፣ ከፍ የሚለውም በዚሁ ነው። ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀይ ሴል ስፋቱ 8 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የ5 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት ደግሞ 0.3 ሚሊሜትር ያህል። ሴሉ ከሞገዱ በጣም ስለሚያንስ ብቻውን ሲሆን የሚመልሰው ድምፅ ደካማ ነው፤ ደም በአልትራሳውንድ ጥቁር የሚመስለውም ለዚህ ነው። ሴሎቹ ሲደራረቡ ግን ድምፁ ይጎላል። የማይትራል ቫልቭ (በልብ የግራ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ጥበት ባለበት ልብ ውስጥ ደሙ ስለሚዘገይ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ እንደ ጭስ ሲዞር ይታያል። ሐኪሞቹ ስሞክ ይሉታል። ይህን ጥበት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም በበዛበት አገራችን ይህን ያላየ የኢኮ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሥራው ስንመጣ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። በዚህ ስም የወጣ ማስታወቂያ እኔም አላየሁም። የመጀመሪያ ደመወዝሽ ምናልባት ከሆስፒታል የመሣሪያ ጥገና ይመጣል። አትናቂው፤ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንድ እጀታ) ፈትቶ የገጠመ ሰው ወረቀት ብቻ ካነበበው ይለያል። ሲቪሽ ላይ ደግሞ የደም ሴል የሚለውን አታስቀድሚ። የሠራሽውን ጻፊ፦ ከፕሮብ የመጣ ጥሬ ሲግናል ተቀብዬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ተነተንኩ በዪ። ይህ ለየትኛውም የአልትራሳውንድ ሥራ ይሆናል።

ማስተርስ ውጭ ካሰብሽ ካናዳ፣ ሞንትሪያል የሚገኘው የተመራማሪው የጊ ክሉቲዬ ቡድን በዚህ ጉዳይ ለዓመታት የጻፈውን አንብቢ። ኢሜይል መላኩ ይቆይ። መጀመሪያ ቅርብሽ ወዳለ ኢኮ ክፍል ሂጂና አስፈቅደሽ ጭሱን በዓይንሽ እዪው።